መንገዱን ማን አሳየው? የቫስኮ ዳ ጋማ ጉዞና የባሕር ላይ ጥበብ

(በአንድ የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከአንድ ጠዋት ልጀምር። ዓመቱ 1497፣ ቀኑ ኖቬምበር 4 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አራት የፖርቱጋል መርከቦች በደቡብ አትላንቲክ ላይ ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ መሬት አላዩም። ሊነጋ ሲል ገመድ ጥለው ጥልቀት ቢለኩ ገመዱ ወለል ነካ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መሬት ታየ። መርከቦቹ ተጠጋጉ። ሰዎቹ የክት ልብሳቸውን አውጥተው ለበሱ። ባንዲራ ሰቀሉ፣ መድፍ ተኮሱ። ይህን የሚነግረን አብሯቸው የነበረ አንድ ሰው የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ እዚያች ጠዋት ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ከሦስት ወር ውሃ በኋላ የክት ልብስ!

ትምህርት ቤት ስለ ቫስኮ ዳ ጋማ የተማርነው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «በ1498 ወደ ህንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ አገኘ።» ፈተና ላይ ይመጣል፣ እንመልሳለን፣ እናልፋለን። እኔን የሚከነክነኝ «አገኘ» የሚለው ቃል ነው። ባሕር ላይ መንገድ የለም። ዱካ የለም። መርከብ ያለፈበት ውሃ ወዲያው ይዘጋል። ታዲያ ምኑን ነው ያገኘው? ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው የሰውየው መንገድ ከብዙ ሰዎች እጅ የተሰበሰበ እንደነበር ነው። ከፊሉን ተቀብሎ ተጠቀመበት። ከፊሉን ደግሞ አልሰማም፣ ዋጋውንም ሰዎቹ ከፈሉ።

ከነፋሱ እንነሳ። መርከቦቹ ከሊዝበን የተነሱት ጁላይ 8 ቀን 1497 ነው። ሳን ገብርኤልን የያዘው ቫስኮ ራሱ ነው። ሳን ራፋኤልን ወንድሙ ፓውሎ፣ ትንሿን ቤሪዮን ኒኮላው ኮሌዮ ይዘዋል። አራተኛዋ ስንቅ ጫኝ ናት። ሰዎቹ በጠቅላላው 170 ቢጠጉ ነው።

ካርታ ብታዩ የአፍሪካን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ደቡብ መውረድ ቀላል ይመስላል። አጭሩም እሱ ነው። በሸራ ለሚሄድ ሰው ግን አጭሩ መንገድ ነፋሱ የሚፈቅድለት መንገድ ነው። ጊኒ አካባቢ ነፋሱ ይሞታል። መርከብ ቀናትና ሳምንታት ሊገተር ይችላል። ከዚያ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ፊት ለፊት ይመጣል። የባሕሩ ጅረትም ወደ ሰሜን ይገፋል። ዳገት በሩጫ እንደመውጣት ማለት ነው።

ከዳ ጋማ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ባርቶሎሚዮ ዲያስ ይህን ዳገት ሞክሮታል። ዳርቻውን ይዞ ሲታገል ቆየና ማዕበል መጥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰፊው ባሕር ወሰደው። ማዕበሉ ሲበርድ መሬት ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ዞረ። መሬት የለም። ወደ ሰሜን ሲመለስ በ1488 መጀመሪያ ላይ ዳርቻውን አገኘው። ያን ጊዜ ግን የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ሳያየው አልፎት ነበር! ይህ አጋጣሚ አንድ ትልቅ ነገር አስተማረ። እዚያ ታች፣ ከዳርቻው ርቆ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ።

ዳ ጋማ የሄደው በዚህ ትምህርት ነው። ዲያስ ራሱ የመርከቦቹን ሥራ ተቆጣጥሯል። ከእነሱ ጋርም የተወሰነ መንገድ ተጉዟል። ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ኦገስት 3 ተነስተው ዳርቻውን ተዉት። ወደ አትላንቲክ መሀል ገቡ፣ ትልቅ ቅስት ሠሩ፣ ታች ያለውን የምዕራብ ነፋስ ያዙና ወደ አፍሪካ ተመለሱ። ኮሎምበስ በ1492 ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ መሬት እስኪያይ የፈጀበት አምስት ሳምንት ገደማ ነው። እነዚህ ሦስት ወር ቆዩ። እስከዚያ ዘመን ከታወቁት የአውሮፓ ጉዞዎች መሬት ሳያዩ ይህን ያህል የቆየ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ዙሪያ ጥምጥም ሆን ብሎ የሚመርጥ ሰው በነፋሱ ላይ ያለው እምነት ምን ያህል ይሆን?

እሺ፣ ነፋሱ ይወስዳቸዋል። ግን የት እንደደረሱ በምን ያውቃሉ?

አቅጣጫ በኮምፓስ ነው። ጊዜ በአሸዋ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ትቆጥራለች፣ አሸዋው ሲያልቅ አንድ ታዳጊ ልጅ ይገለብጣታል፣ ቀንም ሌሊትም። ልጁ ካንቀላፋ ጊዜው ጠፋ። ፍጥነትን የሚለካ መሣሪያ የላቸውም። ልምድ ያለው መርከበኛ አረፋው በመርከቧ ጎን ሲያልፍ አይቶ ይገምታል። አቅጣጫ፣ ጊዜና ፍጥነት ካላችሁ ዛሬ ምን ያህል እንደሄዳችሁ ታሰላላችሁ። ጥልቀት የሚለኩበት እርሳስ ደግሞ ከታች ሞራ ይቀባል። ሞራው ላይ አሸዋ ወይም ጭቃ ተጣብቆ ይወጣል። ልምድ ያለው ሰው እሱን አይቶ የትኛው ዳርቻ እንደቀረበ ይናገራል። ይህቺ ሞራ በጣም ትገርመኛለች።

ችግሩ ግምት በግምት ላይ ሲደራረብ ነው። በየቀኑ ትንሽ ብትሳሳቱ ከሦስት ወር በኋላ ስህተቱ አገር ያክላል። ስለዚህ ሰማይን መጠየቅ ግድ ነው።

ከምድር ወገብ በላይ ያሉ መርከበኞች የሰሜን ኮከብን ይለካሉ። ሊዝበን ላይ ኮከቧ ከአድማስ 39 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። የሊዝበን ኬክሮስም፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያላት ርቀት በዲግሪ፣ ያው ነው። አዲስ አበባ ላይ ብትፈልጓት እንጦጦ ካልጋረዳችሁ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ዝቅ ብላ ታገኟታላችሁ። ወደ ደቡብ በሄዳችሁ ቁጥር ትወርዳለች። የምድር ወገብን ስታልፉ ጭራሽ ትጠፋለች። ፖርቱጋሎች የገጠማቸው ይህ ነው። የአባቶቻቸው ኮከብ ከአድማስ በታች ገባች።

የቀረችው ፀሐይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለች ይለካል። ፀሐይ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ መስመር አትሄድም። ይህን እኛ በጥላችን እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ብትቆሙ ጥላችሁ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ ልኬቱ ብቻውን አይበቃም። ዛሬ ፀሐይ ከምድር ወገብ በስንት ዲግሪ ርቃለች የሚለውን ለየቀኑ የሚነግር ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ሁለቱን ደምሮ ቀንሶ ነው ኬክሮስ የሚገኘው።

ያን ሠንጠረዥ ማን ሠራው? አብርሃም ዛኩቶ የሚባል የሳላማንካ ተወላጅ አይሁዳዊ ሊቅ ነው። ስሌቱን በዕብራይስጥ ጻፈው። በ1492 አይሁዶች ከስፔን ሲባረሩ ፖርቱጋል ተጠጋ። ተማሪው ነበር የሚባለው ጆዜ ቪዚኞ ከዚያ በፊት፣ በ1485፣ በንጉሡ ተልኮ ጊኒ ድረስ ወርዶ ፀሐይን ለክቶ ነበር። የዛኩቶ ሥራ በ1496 ሌይሪያ ከተማ ውስጥ ታተመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ንጉሥ ማኑኤል አይሁዶች ወይ እንዲጠመቁ ወይ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። ዛኩቶ እንደገና ተሰደደ፣ ቱኒስ ገባ። መርከቦቹ በእሱ ስሌት ፀሐይን እያነበቡ ህንድ ሊሄዱ ነው፣ እሱ ግን ሊዝበን ውስጥ የሚኖርበት ቦታ አጣ። ይህን ሳስብ ያመኛል። የታሪክ መጻሕፍት አንድ መስመር ሰጥተውት ያልፋሉ፤ ለእኔ ከሙሉ ምዕራፍ ይበልጣል።

ሠንጠረዡ አለ፣ የፀሐይንና የኮከብን ከፍታ የሚለኩበት መሣሪያ፣ አስትሮላብም አለ። መርከብ ግን ትወዛወዛለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ብራዚል ላይ ሆኖ ለንጉሡ የጻፈ ማስተር ጆአዎ የተባለ ሐኪምና ኮከብ ቆጣሪ፣ መርከብ ላይ የኮከብ ከፍታ ሲለካ አራትና አምስት ዲግሪ ስህተት እንደማይቀር፣ በትክክል መለካት የሚቻለው መሬት ላይ ብቻ እንደሆነ ነግሮታል። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናንተው አስሉት።

ለዚህ ነው ዳ ጋማ ሴንት ሄሊና ወደምትባለው የደቡብ አፍሪካ ባሕረ ሰላጤ እንደገባ ፀሐይ ለመለካት ከመርከብ የወረደው። ጆአዎ ደ ባሮስ የተባለው የፖርቱጋል ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው ሦስት ስንዝር የሚሰፋ የእንጨት አስትሮላብ ነበረው። በሦስት እንጨት ላይ አንጠልጥሎ አቆመው። ትልቅ ያደረጉት ዲግሪዎቹ ሰፋ ብለው እንዲነበቡ ነው። ከዲያስ ጋር የሄደው የመርከብ መሪ ጴሮ ደ አሌንከርም እዚያው ነበር። በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ካለው ከኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ቢበዛ 30 ሊግ ብንርቅ ነው አለ፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ዛሬ ካርታ ላይ ብትለኩት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከሦስት ወር ባዶ ውሃ በኋላ!

የማይለካው ኬንትሮስ ነበር። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄዱ ለማወቅ በባሕር ላይ የማይዛነፍ ሰዓት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ የቀረው ግምት ነው። ግምት እንዴት እንደሚያታልል በዲሴምበር አዩት። ኖቬምበር 22 ኬፑን ዞረዋል፣ የምሥራቁን ዳርቻ ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ ቀን ሲነጋ ከቀናት በፊት ያለፏት ደሴት ፊታቸው ቆማለች። ወደፊት የሄዱ መስሏቸው የአጉልሃስ ጅረት ወደ ኋላ ይዟቸው ነበር። ከኋላ ብርቱ ነፋስ ባይመጣላቸው ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር እንጃ።

ሞዛምቢክ ላይ እኛን የሚነካ ነገር ተፈጠረ። ማርች 1498 ነው። የአገሩ ሰዎች ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ የሚባለው ክርስቲያን ንጉሥ ወደ ውስጥ ርቆ፣ በግመል የሚደረስበት አገር እንዳለ ነገሯቸው። ማስታወሻ ጸሐፊው ከደስታ ብዛት አለቀስን ይላል። ሲፈልጉት የኖሩት የእኛን ንጉሥ ነው። ዘመኑ የአፄ ናዖድ ነው። የሚደንቀው ደግሞ እነሱ ሞዛምቢክ ላይ ሲያለቅሱ አንድ ወገናቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ጴሮ ዳ ኮቪላ ይባላል። በ1487 በየብስ ተልኮ በግብፅና በኤደን አድርጎ የህንዷ ወደብ ካሊከት ደረሰ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እስከ ሶፋላ ወረደ፣ ከካይሮ ለንጉሡ ጻፈ። በመጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ነገሥታቱ ግን እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። መሬት ሰጥተው፣ ጎጆ አስወጥተው አኖሩት። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ ሽማግሌ ሆኖ አገኙት። ደብዳቤው ሊዝበን ደርሶ ዳ ጋማን ረድቶት እንደሆነ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሞምባሳን ቶሎ ልለፈው፤ ጠብና ጥርጣሬ ነው የነበረው። ዛሬ ኬንያ ውስጥ ወዳለችው ወደ ማሊንዲ እንሂድ። የሞምባሳ ባላንጣ የነበረው የማሊንዲ ገዢ በኤፕሪል 1498 በደንብ ተቀበላቸው። ህንድ የሚያደርስ የመርከብ መሪም ሰጣቸው።

ይህ መሪ ማን ነው? ብዙ ቦታ የታላቁን የዐረብ መርከበኛ የአሕመድ ኢብን ማጂድን ስም ታነባላችሁ። እኔ አልቀበለውም። ባሮስ የጉጃራት ሰው ነው ይለዋል፣ ማሌሞ ካና ብሎ ይጠራዋል። «ማሌሞ» ደግሞ «ሙዓሊም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ የመርከብ መሪዎች ማዕረግ ነው። «ካና»ም የሙያ መጠሪያ ሳይሆን አይቀርም። የገዛ ስሙ ሳይመዘገብ ቀረ ማለት ነው።

ባሮስ የሚተርከው አንድ ትዕይንት አለ። ዳ ጋማ ያን ትልቅ አስትሮላብ አውጥቶ ለመሪው አሳየው። ይደነቃል ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። ሰውየው ምንም አልመሰለውም። የቀይ ባሕር መሪዎች ፀሐይንና ኮከብ የሚለኩባቸው የነሐስ መሣሪያዎች አሏቸው አለው። እኛ የህንድ መርከበኞች ግን የሰሜንና የደቡብ ከዋክብትን፣ ሰማይን የሚያቋርጡ ሌሎች ታዋቂ ከዋክብትንም በሌላ መሣሪያ እንለካለን ብሎ የራሱን አወጣ። የህንድን ዳርቻ በሙሉ የያዘ፣ መስመር በመስመር የተሰመረ ካርታም አሳየው። በዚያች ክፍል ውስጥ ተማሪው ማን እንደነበር ግልጽ ነው።

መሣሪያው ከማል ይባላል። እኔ ቤት ውስጥ ሠርቼ አምጥቻለሁ፣ እዩልኝ። ካርቶን ናት፣ መሀሏ ተበስቶ ሲባጎ ገብቶባታል። ሲባጎው ላይ ቋጠሮዎች አሉ። ቋጠሮውን በጥርሴ ነክሼ ሲባጎው እስኪወጠር ካርቶኗን ወደፊት እገፋለሁ። የታችኛው ጠርዝ አድማሱ ላይ ያርፋል። የላይኛው ጠርዝ ኮከቧን ከነካ፣ ከፍታዋ የዚህ ቋጠሮ ልክ ነው። ካልነካ ወደ ሌላው ቋጠሮ እሄዳለሁ። አለቀ። መለኪያቸው ጣት ነው፤ አንድ ጣት ከአንድ ዲግሪ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። መሄድ የምትፈልጉበት ወደብ ላይ ኮከቧ ስንት ጣት እንደምትሆን ካወቃችሁ፣ ያን ከፍታ እስክታገኙ ትጓዛላችሁ። ከዚያ ከፍታውን ሳትለቁ ወደ ምሥራቅ መሄድ ነው። በመርከብ ውዝዋዜ ላይ ከተንጠለጠለ አስትሮላብ ይልቅ ይህቺን መያዝ እንደሚቀል ለራሳችሁ ይታያችኋል። ስንጨርስ ተራ በተራ ሞክሯት።

ከመሣሪያው የበለጠው ግን የወቅቱ እውቀት ነው። የህንድ ውቅያኖስ ነፋስ በዓመት ሁለቴ ይገለበጣል። እኛ አገር ክረምት ሲሆን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ህንድ ይነፍሳል። በበጋችን ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ አፍሪካ ይመለሳል። መሪው ኤፕሪል 24 ከማሊንዲ አስነሳቸው። የክረምቱ ማዕበል ሳይበረታ፣ ነፋሱ መዞር ሲጀምር። በ23 ቀን የህንድ ተራሮች ታዩ። ሜይ 20 ካሊከት ፊት መልሕቅ ጣሉ።

ስለ ካሊከት ብዙ አልልም። ያመጡት ስጦታ ለገዢው የሚመጥን አልነበረም፣ ንግዱም አልሰመረም። ቅሬታ በቅሬታ ላይ ሆነና ኦገስት 29 ወጡ። በዚያ ወቅት ወደ አፍሪካ የሚወስድ ነፋስ የለም። የአገሩ ነጋዴ ኖቬምበርን አሳልፎ ነው የሚነሳው። ዳ ጋማ አልጠበቀም። ኦክቶበር 5 በህንድ ዳርቻ ካለችው ከአንጄዲቫ ደሴት ተነስቶ ወደ ባሕሩ ገባ።

በ23 ቀን የመጡበትን መንገድ ለመመለስ ሦስት ወር ሦስት ቀን ጉዳይ ፈጀባቸው። ነፋሱ አንዴ ይሞታል፣ አንዴ ፊት ለፊት ይመጣል። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ከማጣት የሚመጣው ስከርቪ የሚባል በሽታ ገባ። ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ሸፈነ፣ መብላት አቃታቸው። እግራቸው አበጠ። 30 ሰው ሞተ፤ ከዚያ በፊት 30 ሞቶባቸው ነበር። በየመርከቡ መቆም የሚችል 7 ወይም 8 ሰው ቀረ። ነፋሱ ከፈቀደ ወደ ህንድ እንመለስ እስከማለት ደረሱ። በመጨረሻ ትክክለኛው የበጋ ነፋስ መጣና በጥቂት ቀን መሬት አደረሳቸው። ጃንዋሪ 2 ቀን 1499 ሞቃዲሾን አዩ። ማሊንዲ ሲደርሱ ታማሚዎቹ የለመኑት ብርቱካን ነው። መጣላቸው፣ ለብዙዎቹ ግን ዘግይቷል።

ሦስት መርከብ የሚነዳ ሰው ስላልነበረ ሳን ራፋኤልን አቃጠሏት። ወንድሙ ፓውሎ አዞረስ ደሴቶች ላይ ሞተ። ከወጡት ሰዎች ግማሹ እንኳ ቤቱ አልገባም። በ1502 ዳ ጋማ መድፍ ጭኖ ህንድ ሲመለስ ከመካ የሚመጡ ተሳፋሪዎችን የያዘች መርከብ ከነሰዎቿ አቃጠለ። ስለ ጥበቡ ያወራሁትን ያህል ይህንንም መናገር አለብኝ። በ1541 ምጽዋ ወርዶ ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን የተሰለፈው ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ ልጁ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

በ1500 ንጉሡ 13 መርከቦች አዘጋጅቶ ካብራል የተባለውን አዛዥ ወደ ህንድ ሲልክ፣ ዳ ጋማ የመንገድ ምክር አስጻፈለት። ረቂቁ ዛሬም አለ። ከኬፕ ቨርዴ በኋላ ነፋሱ እስከረዳህ ወደ ደቡብ ውረድ ይላል። ከዚያ ኬፑ ቀጥታ በምሥራቅህ እስኪሆን ድረስ ሰፊውን ባሕር ይዘህ ዙር። ካብራል በዚህ መንገድ ሲሄድ በኤፕሪል ብራዚልን አየ። ከዚያ ወደ ኬፑ ዞረ። በሜይ፣ መሀል ባሕር ላይ ማዕበል መጣና አራት መርከቦች ከነሰዎቻቸው ሰጠሙ። የአንደኛዋ አዛዥ ባርቶሎሚዮ ዲያስ ነበር።